እሳቱ ምን ያህል ይቅደም

ደዶ ላይ ሞተር ሳይክል የሚፈተነው በዳገት ነው። ከጅማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ወረዳ ራሱ ደጋ ላይ፣ እግሩ ጎጀብ ወንዝ ውስጥ ነው። ላይኛው ክፍሉ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ገብስ ያበቅላል፤ ወገቡ ላይ ቡናው በጥላ ዛፍ ስር ይውላል፤ ወደ ጎጀብ ሲወረድ ከፍታው 1000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ሙቀቱም ጃኬት ያስወልቃል። እዚህ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዳገቱን የሚወጣውን ሞተር ይለያል። ጤነኛው በሁለተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይጎትታል። ታይሚንጉ፣ ማለትም እሳቱ የሚተኮስበት ቅጽበት፣ የዘገየው ድምፁ ወፍራም ሆኖ ያቃስታል፣ ቤንዚን ቢሰጡትም አይሰማም። የቀደመው ደግሞ ከሆዱ ውስጥ ጥቃቅን ብረት የሚያቃጭል ድምፅ ያሰማል። ይህን ልዩነት የተማርኩት ፊደል ከመቁጠሬ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ ገበያው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ጋራዥ ነበረቻቸው። ሙያውን የለመዱት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ከጣሊያኖች እጅ ሥራ ከቀሰሙ አሮጌ መካኒኮች ነው። በ1980ዎቹ ደዶ ውስጥ የራሱ ሞተር ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። ወደ እሳቸው የሚመጡት የግብርና ባለሙያዎች፣ የወባ ሠራተኞች፣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዘው ገጠር የሚወርዱ የጤና ሰዎችና የቡና ልማት ሠራተኞች ነበሩ። የቡናዎቹን ሰዎች በተለይ አስታውሳለሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፍሬውን ዛፍ ላይ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ አገሩን ከመታው በኋላ፣ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች መርጦ አውጥቶ ነበር። ገበሬው ዝርያዎቹን በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚያውቃቸው፤ 74110፣ 74112 እያለ። ያንን ቁጥር ከችግኝ ጣቢያ እስከ ጎጀብ አፋፍ ድረስ የሚያዳርሱት ሰዎች ያማሃ ላይ ነበር የሚቀመጡት። በተለይ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኤጂ የሚባለው ያማሃ ከኋላው ሰፊ የጭነት ብረት፣ በግራም በቀኝም መቆሚያ፣ ሰንሰለቱን የሚሸፍን ሙሉ ከለላ ነበረው። ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ተነስቶ የሚሄድ ሞተር ነው። ሰው ስለ ድልድይና ስለ ትምህርት ቤት ይጽፋል፤ የዚህን አገር ገጠር ስላዳረሰው ስለዚህ ሞተር ግን የተጻፈ ነገር አለማየቴ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አጎቴ ቢስሚላሂ ሳይሉ የሞተር መርገጫ አይነኩም። ከቢስሚላሂ ቀጥሎ የሚወጣው ቃላቸው ደግሞ ጥያቄ ነበር፦ «ወዴት ነው የምትሠራበት?» ደንበኛው ስለ ችግሩ መናገር ከመጀመሩ በፊት ቀበሌውን ይጠይቁታል። ሽቅብ ደጋው ነው? ቁልቁል ጎጀብ በኩል ነው? ጭነት አለው? ብቻህን ነህ ሰው ታፈናጥጣለህ? ልጅ ሆኜ ይህ የጨዋታ ወግ ይመስለኝ ነበር። መልሱ በቀጥታ እጃቸው ውስጥ እንደሚገባ ያየሁት ቆይቶ፣ ካንዴላ ፈትቼ ለማጽዳት ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ካንዴላው እንደተኮሰ በአንዴ ተቃጥሎ አያልቅም። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ ድብልቁን እያዳረሰ እስኪጨርስ ጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ፒስቶኑ ግን አይጠብቅም። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ኮሎው፣ ፒስቶኑን የሚያወጣ የሚያወርደው ዘንግ፣ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 6 ዲግሪ ይሄዳል፤ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር በዚያችው ሺኛ ሰከንድ 36 ዲግሪ ይሄዳል። ስለዚህ ብልጭታው ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ አስቀድሞ መውጣት አለበት፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥርም የበለጠ መቅደም አለበት። የሚፈለገው ግፊቱ የመጨረሻ ጉልበቱን የሚያገኘው ፒስቶኑ ጫፉን ነክቶ ቁልቁል ሲጀምር፣ ኮሎው ከጫፉ 15 ዲግሪ ያህል ባለፈበት ቅጽበት እንዲሆን ነው። አጎቴ ዲግሪ የሚባል ነገር አያነሱም። እናቴና አክስቴ በአንድ ሙቀጫ ሁለት ዘነዘና ይዘው ሲወቅጡ ወስደው አሳዩኝ። የአንዷ ዘነዘና ሲወርድ የሌላዋ ይወጣል፣ አንዷ በጥቂቱ ብትቸኩል የሚወጣውን ዘነዘና ትመታለች፣ ብትዘገይ ባዶ ሙቀጫ ትመታለች። ቸኩሎ የተኮሰ ካንዴላ ገና እየወጣ ያለውን ፒስቶን አናቱን ይመታዋል። የዘገየው ወርዶ ያመለጠውን ያሳድዳል፣ እሳቱም ሥራ ሳይሠራበት በጭስ መውጫው በማርሚታ ይወጣል።

ያን ጊዜ ብልጭታውን የሚለቀው ፑንቲና ነበር፤ ከኮሎው ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ቮላኖው፣ ስር ያለች፣ እየተከፈተች እየተዘጋች የምትሠራ ትንሽ መገናኛ። ስትከፈት ቦቢናው የሽቦ ጥቅል ውስጥ የነበረው ኃይል ይፈታና ካንዴላው ይተኩሳል። ክፍተትዋ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። እየሠራች በሄደች ቁጥር የሚፈተገው እግርዋ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉም ማንም ሳይነካው በራሱ ይዘገያል። ሰውዬው ሞተሬ አረጀ ብሎ ይመጣል፤ ያረጀችው ፑንቲናዋ ብቻ ናት። አጎቴ ካንዴላውን ፈትተው በቀዳዳው ከብስክሌት ጎማ የተነቀለ፣ ጫፉ በሞረድ የለሰለሰ ቀጭን ሽቦ ያስገባሉ። ሽቦው ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ ፒስቶኑ ጫፍ መድረሱን፣ ሌላው እሳቱ መውጣት ያለበትን ቦታ ያሳያል። ፑንቲናዋ መሃል የሲጋራ ወረቀት ያስገቡና በጣታቸው እየሳቡ ቮላኖውን በቀስታ ያዞራሉ። ወረቀቱ ሳይቀደድ ሾልኮ የሚወጣበት ቅጽበት ፑንቲናዋ የተከፈተችበት ነው። ሽቦውና ወረቀቱ ከተስማሙ ብሎኑን ያጠብቃሉ። ቮላኖው ላይ ፋብሪካው የቀረጸው የላቲን «ኤፍ» ምልክት ያላቸው ፎር ስትሮክ ሞተሮችም ይመጡ ነበር። እነዚያ ላይ ምልክቱን ከሞተሩ ገላ ላይ ካለው ጭረት ጋር ማገናኘት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ማስቀደም በውስጡ ያሉት የሚሽከረከሩ ክብደቶችና ስፕሪንጎች ይጨርሱታል። ክብደቶቹ የሚያውቁት ግን ፍጥነትን ብቻ ነው። ጭነትን አያውቁም። ዳገትን አያውቁም።

የአጎቴ ጥያቄ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ደጋው ላይ የሚውል ከሆነ ምልክቱን በአንድ ፀጉር ያህል አስቀድመው ያጠብቃሉ። ጎጀብ በኩል ለሚሠራው፣ በተለይ ጭነት ካለው፣ በፀጉር ያህል ያዘገያሉ። መጽሐፍ አላዩም፤ የባሕር ወለል የአየር ግፊት ስንት እንደሆነ የነገራቸው የለም። ያዩት ከጎጀብ የተመለሱ፣ አናታቸው የተበሳ ፒስቶኖችን ነው። ከጋራዥዋ ምሰሶ ላይ በሽቦ ሰቅለዋቸው ነበር፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ያስታውሳሉ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በቻይናና በሕንድ የተሠሩ ሞተሮች ጅማን ሞሏት። ብዙዎቹ ሲዲአይ የሚባል የታሸገ ጥቁር ሳጥን ነበራቸው። ፑንቲና የለም፣ የሚበላ እግር የለም፤ ቮላኖው ላይ ያለች ጉብታ በማግኔት ጥቅል አጠገብ ስታልፍ ምልክት ትልካለች፣ ሳጥኑ ይተኩሳል። ለቡና ሰብሳቢውና ለጫት አመላላሹ ትልቅ እፎይታ ነበር። አጎቴም አልተከፉም፤ ጥሩ ነገር ነው ብለው ተቀበሉት። የታይሚንግ ሥራ ግን ከጋራዥዋ ወጣ። ብሎን የለውም፣ የሚላላ የለም፣ የሚጠብቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ ቀረላቸው፦ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተሞላ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሲደባለቅበት ሞተሩ ዳገት ላይ ማቃጨል ይጀምራል። ነጭ ጋዝ የቤንዚኑን የመታመቅ ትዕግሥት ያወርደዋል፤ ካንዴላው ከለኮሰው እሳት ሌላ ጥግ ላይ ያለው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል። አጎቴ ካቻቢቴውን የሲሊንደሩ አናት፣ ቴስታታው፣ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮአቸው ላይ ይተክላሉ፣ ጥቂት ያዳምጣሉ፣ «ቤንዚንህን ድፋው» ይላሉ። ሰውየው እያጉረመረመ ይደፋል። ከጅማ ማደያ የመጣ ሲጨምርበት ማቃጨሉ ይተወዋል።

እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና ገባሁ። የማቃጠያ ሞተር ኮርስ ላይ ያንን የአጎቴን ፀጉር በቁጥር አገኘሁት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ጅማ ከተማ ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ነው፣ ደዶ ደጋ ላይ ሦስት አራተኛው አካባቢ ይሆናል። የሳሳ ድብልቅ ሲታመቅ የሚደርስበት ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ በዝግታ ይነድዳል፣ በራሱ የመፈንዳት ዝንባሌውም ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቱ መቅደምን ይፈልጋል፣ መቅደሙንም ይችላል። ጎጀብ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፤ ነገሩ ይገለበጣል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ መስመሩን ሲስል ምሰሶው ላይ የተሰቀሉት ፒስቶኖች ፊቴ ድቅን አሉ። እሑድ ደዶ ወጥቼ ስነግራቸው አጎቴ ብዙም አልተደነቁም። «መጽሐፉ የጻፈው ሰው ጎጀብ ወርዶ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ከሲዲአዩ ቀጥሎ ወደ እኛ የመጣው፣ በካርቡራተር ምትክ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚረጨው የኢንጀክሽን ሞተር፣ በውጭው ዓለም ታሪኩ ረጅም ነው። ካዋሳኪ በ1980 እ.ኤ.አ ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር ሳይክል ለገበያ አቅርቧል። መኪና ላይ ቦሽ በ1979 እ.ኤ.አ ቤንዚኑንም ብልጭታውንም በአንድ ኮምፒውተር የሚመራ ሥርዓት ቢኤምደብሊው ላይ ገጠመ፤ ታይሚንግ ከብሎን ወደ ሰንጠረዥ የዞረው በእንዲህ ያለው ሥርዓት ነው። ለእኛ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ውሳኔ ነው። ሕንድ ከሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ ጀምሮ ባወጣችው የጭስ ደንብ ምክንያት እዚያው አገር ውስጥ የሚሸጡት ሞተሮች አብዛኞቹ ኢንጀክሽን ሆኑ። ወደ አፍሪካ የሚላኩት ግን ብዙዎቹ ካርቡራተራቸውን ይዘው ቀጠሉ፣ ደዶም ዛሬም ድረስ በካርቡራተር ነው የምትጓዘው። የመጀመሪያውን ኢንጀክሽን በቅርብ የነካሁት ከአንድ ድርጅት በጨረታ የተሸጠ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ባለ 250 ሲሲ ሞተር ላይ ነው። የገዛው ጎረቤታችን የሆነ ቡና አቅራቢ ነበር። በርካሽ ያገኘው ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ስለነበር ነው፤ ባትሪው ተገልብጦ ተገጥሞበታል። ምትኩን ከውጭ ለማስመጣት የተጠየቀው ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ በለጠ። አስነሳልኝ አለኝ።

ስፒዱዊኖ የሚባል፣ አርዱዊኖ ሜጋ ላይ የሚሠራ፣ ንድፉ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሞተር ኮምፒውተር አለ። ዩኒቨርሲቲ አብረን የነበርን ጓደኛሞች ዕቃውን አሰባስበን በየደን ገጣጠምነው። ቁም ነገሩ ሰንጠረዡ ነው። ወደ ጎን የሞተሩ ዙር፣ ወደ ላይ የመምጠጫው ግፊት ተደርድሮ 16 በ16 ሳጥኖች አሉት። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ይጻፋል፦ በዚህ ዙርና በዚህ ጭነት እሳቱ ስንት ዲግሪ ይቅደም። አጎቴ በአንድ ብሎን ይወስኑት የነበረው ጉዳይ 256 ጥያቄ ሆኖ ፊቴ ተዘረጋ።

አንድም ቁጥር ከመጻፉ በፊት ግን ኮምፒውተሩና ብረቱ መስማማት አለባቸው። ቮላኖው ዙሪያ ጉብታዎች አሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ክፍተት ተትቷል። ሴንሰሩ ክፍተቱ ሲያልፍ ኮሎው የት እንዳለ ያውቃል። የፒስቶኑ ጫፍ ከዚያ ክፍተት በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ የሚነግረው ሰው ነው። ይህ ከተሳሳተ ሰንጠረዡ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ይሳሳታል፤ ስክሪኑ 10 እያለ ሞተሩ 18 ላይ ይተኩስ ይሆናል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በ10 ዲግሪ ቆልፈነው ሞተሩን አስነሳን፣ በካንዴላው ሽቦ ላይ የተገጠመ ስትሮቦስኮፕ ቮላኖው ላይ አበራን። መብራቱ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ ስለሚል የሚሽከረከረው ምልክት ቆሞ ይታያል። አጎቴ በርጩማቸውን ስበው ቀረቡ። ዕድሜ ልካቸውን በሽቦና በወረቀት ሲፈልጉት የነበረው ቅጽበት እየተሽከረከረ ሳለ ቆሞ አዩት። ዝም ብለው ብዙ ተመለከቱ፣ ከዚያ «ትንሽ ወደ ግራ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥሩን አስተካክለን አቆምነው።

የአንድ ሲሊንደር ሞተር ሌላ አመል አለው። መምጠጫው ውስጥ ያለው ግፊት እያንዳንዱ ምት ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ያንን መዝለል እንዳለ ከወሰደው ከሳጥን ሳጥን እየዘለለ እሳቱን ያምታታዋል። አንድ ሙሉ ዑደት ጠብቆ አማካዩን እንዲይዝ ስናደርገው ነው ሞተሩ የሰከነው። ዝቅ ባለ ዙር፣ ቆሞ ሲሠራ 10 ዲግሪ ሰጠነው። በቀላል ጭነት ሜዳ ላይ ሲሄድ 34 ድረስ አስቀደምነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ድብልቅ ትንሽ ስለሆነ ለመንደድ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው፣ ድብልቁ ሲታጨቅ፣ 24 ላይ ጀመርን። ይህ ሆን ተብሎ የዘገየ መነሻ ነው፤ ከዘገየ ጉልበት ይጎድላል፣ ማርሚታው ይግላል፣ ግን ፒስቶን አይበሳም።

ጉልበት መለኪያ መሣሪያ የለንም። ዳገቱ ግን አለን። ከጅማ ሲመጣ ከደዶ በታች ያለውን ረጅም ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ቤንዚን፣ ከ3000 ዙር እስከ 6000 ዙር ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። ሁለት ዲግሪ እንጨምራለን፣ እንደገና እንወጣለን። ጊዜው ካጠረ እንጨምራለን። 30 አካባቢ ስንደርስ ጊዜው ማጠሩን ተወ። ሞተሩ ገና አላንኳኳም፣ ግን ከዚያ በላይ ማስቀደም ሙቀት እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ሁለት ዲግሪ መልሰን እዚያው ተውነው። ብዙ ወጣት ታይሚንግ ማስቀደም ራሱ ኃይል ይመስለዋል። ኃይሉ እዚያች ጊዜው ማጠሩን ባቆመባት ነጥብ ላይ ነው ያለው፣ ከዚያ የሚያልፍ ሰው የራሱን ፒስቶን ነው የሚያንኳኳው።

ሁሉም ሲያልቅ ሰንጠረዡን ለአጎቴ አሳየኋቸው። የተጓዝንባቸው ሳጥኖች በቀለም ይታያሉ። አጎቴ ጣታቸውን ባዶዎቹ ላይ አሳረፉ። «እነዚህስ?» ከ80 ኪሎ ፓስካል በላይ ያሉት መደዳዎች ናቸው አልኳቸው፤ ጅማም ሆነ ደዶ ላይ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ቢከፍቱት እንኳን አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሞተሩ እነሱ ጋ አይደርስም። አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ሰውየውስ የት ነው የሚሠራው?»

ቡና አቅራቢው የሚሠራው ጎጀብ በኩል ነበር።

በማግስቱ ወረድን። አጎቴ ጋልበው መሄድ አልቻሉም፣ ግን የሐኪም ማዳመጫ ቱቦ አምጡ አሉ። ጫፉ ተጨፍልቆ የተበሳ የመዳብ ቱቦ የሲሊንደሩ ብሎን ስር አስረን፣ የማዳመጫውን ጎማ አያይዘን፣ ሌላውን ጫፍ ከሄልሜት ስር ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ካቻቢቴውን ይዞ መጋለብ ስለማይቻል ይህ የካቻቢቴው ምትክ ነበር። ከፍታው እየወረደ ሲሄድ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከፍተኛ ግፊት 80ን አለፈ፣ 85 ሆነ፣ ወንዙ አጠገብ ወደ 90 ተጠጋ። ማንም ያልጎበኛቸው ሳጥኖች ውስጥ ገባን። ጀንፈል የሞላ ጆንያ ከኋላ ታስሯል፣ አየሩ ይፋጃል። ዳገት ላይ ሙሉ ቤንዚን ስሰጠው በቱቦው ውስጥ ያ የልጅነቴ ድምፅ መጣ፤ ጥቃቅን፣ ደረቅ፣ ፈጣን። እጄን ወዲያው ሰበሰብኩ። በ85ና በ90 መደዳዎች ላይ ሦስት፣ አንዳንዱ ቦታ አራት ዲግሪ ቀነስን፣ ድምፁ ጠፋ። ደዶ ላይ የደከምንበት የጉልበት ነጥብ ሳይነካ እዚያው ቀረ፤ ሰንጠረዥ ያለው ሞተር ደጋና ቆላን በየመደዳቸው መያዝ ይችላልና።

ማታ ስንመለስ የተነገራቸው ቁጥር አጎቴን አላስገረማቸውም። ያስገረማቸው ሌላ ነው። «ሁለቱንም አንድ ላይ ይይዛል?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። በፑንቲና ዘመን ደጋና ቆላ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ሲመጣባቸው አንዱን መበደል ነበረባቸው። ለጎጀብ ቢያዘገዩለት ዳገቱ ላይ ይደክማል፣ ለዳገቱ ቢያስቀድሙለት ጎጀብ ላይ ይቃጠላል። እሳቸው ሁልጊዜ ሰውየው የማይሞትበትን ይመርጡ ነበር፤ ዳገት ላይ ደክሞ ገፍቶ ይገባል፣ ቆላ ውስጥ ፒስቶን ተበስቶበት የቀረ ግን ማን ይደርስለታል ይሉ ነበር። ይህን ውሳኔ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ብቻቸውን ተሸክመውት ኖረዋል። ያን ማታ ከእጃቸው ሲወርድ አየሁ፣ ደስ አላቸው።

አጎቴ አሁን በሕይወት የሉም። ጋራዥዋን የያዘው ልጃቸው ነው፣ ጥሩ እጅ አለው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ሲያሳውቅ ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ወሬው ሁሉ ሆነ። ጥቂቶቹን አይቻለሁ፣ ዳገቱን ያለ ድምፅ ይወጡታል። በነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ብልጭታ የማይፈልግ ሞተር ስለ ታይሚንግ አይጠየቅም። ግን ደዶ ውስጥ በቤንዚን የሚሠሩት ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይኖራሉ፣ ኢንጀክሽኖቹም እያረጁ ኮምፒውተራቸው እየተቃጠለ ይመጣሉ፣ ሲያረጁ የሚጠግናቸው ሰው አሁን መሠልጠን አለበት ብዬ አምናለሁ። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጅማ ውስጥ ስትሮቦስኮፕ በእጃቸው ይዘው ቢማሩ፣ ሰንጠረዥ ማንበብ ቢማሩ እወዳለሁ። ካቻቢቴውን ጆሮ ላይ መትከሉንም አብረው ቢማሩ፤ ማዳመጥ የማይችል ሰው ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሲጨምር ማየት ያስፈራኛል።

በቅርቡ ጋምቤላ የሚሠራ አንድ ወጣት ያንን ሰንጠረዥ እንድልክለት ጠየቀኝ፣ ሞተሩ ተመሳሳይ ነው። ላክሁለት፤ ግን እንዳለ እንዳይጭነው ነገርኩት። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ናት፣ ቤንዚኑን ሙሉ ሲከፍት ግፊቱ 95 ይደርሳል፤ የኛ ቁጥሮች እዚያ መደዳ ላይ በግምት የተሞሉ እንጂ የተፈተኑ አይደሉም። መጀመሪያ በ10 ዲግሪ ቆልፎ በስትሮቦስኮፕ ምልክቱን እንዲያረጋግጥ፣ ከ85 በላይ ያሉትን መደዳዎች በሙሉ አራት ዲግሪ እንዲያዘገይ፣ ጠዋት ሳይሆን ቀትር ላይ፣ ጭኖ፣ ከማደያ በተቀዳ ቤንዚን እንዲሞክር ጻፍኩለት። የመዳቡን ቱቦ እንዴት እንደሚጨፈልቀውም በፎቶ አንስቼ አያያዝኩለት።